የትንፋሽ ተራ

በእኛ ቋንቋ «ወፈርክ» የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን ሙገሳ ሆኖ ኖሯል። ከዓመት በኋላ ያገኘን ወዳጅ «እንዴት አምሮብሃል! ሞላ ብለሃል!» ሲለን፣ ጤናችን መመለሱን፣ ቤታችን እህል መግባቱን፣ ትዳራችን መስመር መያዙን ባንድ አፍ መመስከሩ ነው። የከሳውንማ «ምን ነካህ?» ብለን ነው የምንቀበለው። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይጨርሰው ነበር» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ የፋፋ ሰው አይቶ ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

አሁን አሁን ግን ቃሉ ፊቱን አዙሯል። ከተማ ውስጥ «ወፈርክ» ሲባል ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ወቀሳ ነው። ሐኪም ፊት ሲደረስ ደግሞ አድናቆቱ ይቀርና ንጹሕ ክስ ይሆናል። ክሱም ፍርዱም አንድ ቃል ነው፦ «ቀንስ!»

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህ ፍርድ ትንፋሽ ባጠረው ሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ነው። ወፍራም ስለሆነና አስም ስላለበት ሰው ነው የማወራው። ለስኳር በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶች ለዚህ ሰው ትንፋሽም ሳይበጁ አይቀሩም የሚል ወሬ ከወደ ውጭ መጥቷል። ወሬው የሕክምና ብቻ ይመስላል እንጂ ሆዱ ውስጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ይህ ሰው የሚገባው መድኃኒት ነው ወይስ ተግሣጽ? መድኃኒት ነው ከተባለስ፣ ብዙ ነገር በጎደለበት አገር ተራው መቼ ነው?

ጥያቄውን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ መመለስ ይቀላል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወስጄ ነገሌ ቦረና ላይ ላስቀምጠው። ነገሌን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ቀይ አፈር፣ የከብትና የግመል ገበያ፣ ዕጣንና ሙጫ። ከነገሌ እስከ ያቤሎ፣ ከያቤሎ እስከ ሞያሌ ባለው ቆላ ጭስ የኑሮ ቅመም ነው። የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ሴቶች ገላቸውን ይታጠናሉ፤ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም፤ ምግብ በከሰልና በማገዶ ይበስላል። ጭሱ ለወተቱ ጣዕም፣ ለገላው መዓዛ ነው። ለአስም ሕመምተኛ ግን ጠላት ነው።

አንድ ጊዜ ነገሌ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ከሚሸጡ ሴት ጋር አውግቻለሁ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ወፍራም ናቸው፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ያርፋሉ። አስሙ የጀመራቸው አርባን ካለፉ ወዲህ ነው።

«ሐኪሙ ምን አለዎት፣ እትዬ?»

«ቀንሺ አለኛ፣ ወንድሜ» አሉና ሳቁ። «ከምኑ ልቀንስ? የምበላው ፓስታና ዳቦ ነው። ልሩጥ እንዳልል ጀሪካን ሳነሳ እንኳን ደረቴ ይታፈናል። ሥራውን እንዳልተው ልጆቼን ማን ያብላልኝ?»

«የሚሳበውስ፣ ፓፉ?»

«ሲገኝ ጥሩ ነው። ሲጠፋ ኪኒኑን እውጣለሁ። ኪኒኑ ደግሞ ያስርበኛል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አስም ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቱቦዎች እየተቆጡ፣ እያበጡና እየጠበቡ ሰውን የሚያፍኑበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደነበረባቸው፣ ከ450 ሺህ በላይ ሰዎችም በዚሁ እንደሞቱ ገምቷል። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በድሃና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ውፍረት ሲጨመርበት ነገሩ በሁለት በኩል ይከፋል። አንደኛው ለማንም ግልጽ ነው፤ ሆድ ሲገፋ ሳንባ የሚዘረጋበት ቦታ ይጠበዋል። ሁለተኛው ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ስብ እንደ ጆንያ እህል ጥግ ይዞ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ቀን ከሌት ይሠራል፤ ወደ ደም ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሰውነትን የሚያስቆጡ አሉ። ስኳርን የሚያስተዳድረው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞንም ትእዛዙ አልሰማ ይላል። ካደጉ በኋላ፣ አለርጂ ሳይኖርባቸው፣ ከውፍረት ጋር አስም የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ቱቦውን ለማብረድ የሚሰጠው የሚሳብ ስቴሮይድ ለሌላው የሚሠራውን ያህል ለእነሱ ላይሠራላቸው ይችላል።

እንግዲህ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ። «ኪኒኑ ደግሞ ያስርበኛል» አሉ ሴትዮዋ። ሕመሙ ሲበረታ ከሚዋጡት ኪኒኖች ዋናው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። የጭንቅ ቀን ነፍስ ያድናል። ተደጋግሞ ሲወሰድ ግን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ክብደት ይጨምራል፣ የደም ስኳር ያንራል። ክቡን ተመልከቱት። አስሙ ከመንቀሳቀስ ያግዳል፤ አለመንቀሳቀሱ ያወፍራል፤ ውፍረቱ አስሙን ያብሳል፤ ለባሰው አስም ኪኒን ይታዘዛል፤ ኪኒኑ ያስርባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሽተኛዋ ፊት ቆመን «ቀንሺ» እንላለን። ገደል ገፍቶ ጥሎ «ለምን ወደቅሽ?» እንደማለት ነው።

ውፍረት ሁሉ የስስት ውጤት ነው ብለው ለሚያምኑም አንድ የሩቅ ታሪክ ልጨምር። በሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የጦርነት ክረምት ምግብ ተዘግቶ ብርቱ ረኀብ ሆነ። በዚያ ረኀብ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ቢመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር ኃይሉ ደክሞ ተገኘ። ረኀቡ አልፎ፣ አገሩ ጠግቦ፣ ሰውነት ግን ረኀቡን አልረሳም። ይህ ለቦረና የባዕድ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብቱ በሚሊዮን አልቋል፤ በከብቱ የሚኮራው ሰው ዱብሉቅ ላይ በመጠለያ ሰፍሮ የእርዳታ እህል ጠብቋል። በዚያ ድርቅ የተፀነሰው ልጅ ነገ ወተቱን ትቶ ከተማ ቢገባ፣ በርካሽ ዘይት፣ በስኳርና በፓስታ ቢያድርና ቢወፍር፣ ጥፋቱ የማን ነው ልንል ነው?

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ።

አሮጌው ሜትፎርሚን ነው። ጋሌጋ በምትባል የአውሮፓ ቅጠል ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ተነሥቶ የተሠራ ኪኒን ሲሆን፣ ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕመምተኞች መርዳቱን አሳወቀ። የዛሬን አያድርገውና አሜሪካ እስከ 1994 ድረስ አልፈቀደችውም ነበር። ዛሬ ግን በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታዘዙት የስኳር መድኃኒቶች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ርካሽም ነው። ስኳር ያለበት ቤተ ዘመድ ያለው አንባቢ ሁሉ ኪኒኑን ሳያውቀው አይቀርም።

አዲሱ በመርፌ የሚሰጠው ቤተሰብ ነው። መነሻው የሚገርም ነው። በአሜሪካ በረሃ የሚኖር አንድ መርዛም እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ኤግዜናታይድ የሚባል መድኃኒት ወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ተፈቀደ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሴማግሉታይድ በ2017 ኦዜምፒክ በሚል ስም ለስኳር፣ በ2021 ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም ለውፍረት ተፈቀደ። ረኀብን ያስታግሳል፣ ክብደትን በእጅጉ ያወርዳል። ዌጎቪ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ የአንድ ወሩ ዋጋ ከ1,300 ዶላር በላይ ነበር።

እነዚህ ከአስም ጋር ምን አገናኛቸው? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። አስምም ስኳርም ያለባቸውን ከ12 ሺህ በላይ እንግሊዛውያን የሕክምና መዝገብ መርምረው፣ ሜትፎርሚን የጀመሩት ሰዎች የአስም ጥቃታቸው በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። መርፌው ሲጨመርላቸው ደግሞ በላዩ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይበልጥ የሚገርመው፣ ቅናሹ ክብደታቸውና ስኳራቸው በምን ደረጃ እንዳለ ሳይለይ መታየቱ ነው። መድኃኒቱ ቱቦውን የሚያበርድበት የራሱ መንገድ ሳይኖረው አይቀርም የሚል ግምት ያመጣውም ይኸው ነው።

ረጋ ማለት ግን ያስፈልጋል። መዝገብ ማገላበጥ ማስረጃ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ዕጣ ጥሎ ለግማሹ መድኃኒቱን፣ ለግማሹ ባዶ ኪኒን ሰጥቶ ማወዳደር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ተጀምረዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች ለአስም ተብለው አልተፈቀዱም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ አንባቢ ካለ ከበሩ ይመለስልኝ።

ይህን ሁሉ ላንድ ወዳጄ ሳጫውተው ተቆጣ። «ቆይ እንጂ! ከብቱ ያለቀበት፣ ልጁ የጫጨበት ሕዝብ መሀል ቆመህ ስለ ወፍራም ሰው መርፌ ታወራለህ? ፓፉ እንኳን በሌለበት?» አለኝ። ቁጣው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገራችን ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ የከሱ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። የከሳችው ትበዛለች። «የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም» የሚለው ተረት እኔም ላይ ሊተረት ይችላል።

ግን የወዳጄን ሙግት እስከ መጨረሻው ብንከተለው የት ያደርሰናል? የተራበ እስካለ የወፈረው አይታከም፤ ወባ እስካለ ስኳር አይታከም፤ ገጠሩ እስኪደርሰው ከተማው ይጠብቅ። በዚህ ስሌት ማንም ሳይታከም ሁሉም ይቀራል። ደግሞም የከሳው ሕፃንና የወፈረችው አያቱ ብዙ ጊዜ ባንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ ያሳመማቸውም ያው አንድ የጎደለ ማዕድ ነው። አንዷን ባለመርዳት ሌላውን አናጠግብም።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ነገሌ ራሷ ትመልሳለች።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። የአብዮቱ የመጀመሪያ ብልጭታ የሚባለው ይህ አመፅ የተነሣው በርዕዮተ ዓለም አልነበረም፤ በምግብና በውሃ ነው። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ከእሱ ቅዱ አላሉም። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ልብ በሉ፤ ወታደሩ ያመፀው ውሃ ስላነሰ አይደለም። ቆላ ውስጥ ውሃ ማነሱን ማንም ያውቃል። ያመፀው ጉድጓዱ ሁለት ስለሆነ ነው።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዱብሉቅ ደግሞ ተቃራኒውን ታስተምራለች። የቦረና ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እዚያ አሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው እየዘፈኑ ውሃውን በቅብብል ያወጣሉ። ጉድጓዱ አባት አለው፤ አባ ኮንፊ ይባላል። ተራውን የሚጠብቅም አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል፤ ትርጉሙ «የተራ አባት» እንደማለት ነው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይወስናሉ። ጉድጓዱ የእኔ ነው ብሎ ተራ መዝለል የለም። ውሃው ትንሽ ነው፤ ግን ሕጉ አንድ ነው።

ከዚህ የምወስደው ነገር ይህ ነው። እጥረት በራሱ ግፍ አይደለም፤ ግፍ የሚሆነው ጉድጓዱ ሁለት ሲሆን ነው። ተራ መያዝም እምቢታ አይደለም። «ተራህ ገና ነው» እና «ተራ የለህም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወፍራሟን የአስም ሕመምተኛ «ቀንሺ» ብሎ መሸኘት ሁለተኛው ነው። ከሰልፉ ውስጥ ማስወጣት ነው።

የበለጸገው ዓለምም ተራ ማስያዝ አልቻለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መርፌው ለመቅጠን በሚፈልጉ ባለገንዘቦች ተሻምቶ፣ ለስኳራቸው የታዘዘላቸው ሰዎች መድኃኒት ቤት ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአሜሪካ የሴማግሉታይድ እጥረት አበቃ የተባለው በየካቲት 2025 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የዓለም ጤና ድርጅት መርፌዎቹን ስኳርና ውፍረት ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመም ጋር ለተደራረበባቸው ሰዎች ብሎ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ይኸውም አንድ ዓይነት አባ ሄሬጋነት ነው፤ ማን እንደሚቀድም በገንዘቡ ሳይሆን በሕመሙ መለየት።

እኛስ ተራውን እንዴት እንደልድል? የእኔን ሐሳብ ልበል፤ ሽማግሌዎች ያርሙኝ።

አንደኛው ባልዲ ፓፉ ነው። ሳልቡታሞል የሚባለው ቱቦ ከፋች እ.ኤ.አ. በ1969፣ ቤክሎሜታሶን የሚባለው የሚሳብ ስቴሮይድ በ1972 ገበያ ላይ ዋሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ወዲህ ቱቦ ከፋቹን ብቻውን መስጠት እንዲቀርና የሚያበርደውም አብሮ እንዲሰጥ ይመክራል። የሚያበርደው መድኃኒት በየወሩ በእጇ ያለ ሴት ያን የሚያስርብ ኪኒን ቶሎ ቶሎ አትውጥም። ነገሌ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ያለባት ከተማ ናት፤ መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። ወፍራም ሆኖ አስም ያለበት ሰው ሁሉ «ቀንስ» ከመባሉ በፊት የደም ስኳሩ ይለካ። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚኖረው። ከተገኘበት ሜትፎርሚን ድሮም የሚገባው መድኃኒት ነው፤ ለትንፋሹም ከበጀው እሰየው። በዚያውም ስለ ጭሱ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ምግቡ ከቁጣ ይልቅ በምክር ይነገረው። ክብደት መቀነስ አስምን እንደሚያሻሽል አልክድም፤ የምቃወመው ምክሩ እንደ ቅጣት መሰጠቱን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄውን ራሳችን መጠየቅ ነው። ሜትፎርሚን አሮጌና ርካሽ በመሆኑ የብቻው ባለቤት የለውም። ከእሱ ብዙ የሚያተርፍ ስለሌለ ለአስም ይሠራ እንደሆነ በሰፊው ለመፈተሽ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል። ባለቤት የሌለው ጉድጓድ ደግሞ የሚጠርገው የለም። የእንግሊዝ መዝገብ የእንግሊዝ ሰው ሰውነት ነው የሚናገረው፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ ውስጥ የሚኖር፣ በድርቅ ያደገ ሰው ትንፋሽ ምን እንደሚል አይነግረንም። ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ያቤሎ ላይ የቦረና ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለት ጥያቄ ያለው ጥናት ለመጀመር መርፌውን መግዛት አያስፈልግም።

አራተኛው መርፌው ራሱ ነው። «ይህ የሀብታም ነው» ብለን ከወዲሁ ከሰልፉ አንውጣ። የሴማግሉታይድ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2026 እንደ ሕንድና ቻይና ባሉ አገሮች የሚያበቃ ነው፤ እኛም ብዙውን መድኃኒታችንን ከሕንድ የምናስገባ ነን። ዋጋው ሲወርድ፣ ሙከራዎቹም ለአስም ይበጃል ካሉ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው? በመዋቢያ ስም ለሚገዛው ወይስ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ለሚያድረው? ይህ ጥያቄ መድኃኒቱ ጉምሩክ ሲደርስ ሳይሆን ዛሬ ነው መመለስ ያለበት። ተራ የሚወሰነው ውሃው ከመቀዳቱ በፊት ነው።

እነዚህ አራቱ የሚያዋጡት ግን አንድ ሁኔታ ሲሟላ ነው። ተራ የሚደለድለው ሰው ራሱ ሰልፉ ውስጥ ይቁም። ሲያመው ሌላ አገር ሄዶ የሚታከም ባለሥልጣን፣ ፓፉን ከውጭ በዘመድ የሚያስመጣ ባለገንዘብ፣ «ታገሱ» የማለት ሥልጣኑ ከየት ይመጣል? ነገሌ ላይ ወታደሩ ጄኔራሉን የጠየቀው ምቾት እንዲጨምሩለት ብቻ አልነበረም፤ እሱ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ነው። የጠጡ ዕለት ምን ያህል እንደሚመርር ይገባቸዋል ብሎ ነው።

ትንፋሽ ሲያጥር ጾታና ሀብት አይለይም፤ ቀጭንም ወፍራምም ይታፈናል። የታፈነን ሰው «ለምን ወፈርክ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ተራህ የቱ ጋ ነው?» እንበለው። መልሱን የማናውቅ ከሆነ ሰልፉን ያበላሸነው እኛው ነን።